ከበሩ ኋላ ያለው ሳንቃ

መስከረም 4 ቀን

ይድረስ ለአሳዳጊ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

አዲሱ ዓመት ጤና የሚሰጥዎ፣ ሥራዎን የሚባርክልዎ፣ ጣትዎን ከመጋዝ የሚጠብቅልዎ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም እላለሁ፤ እርስዎም ያመኑኝ ይምሰሉ።

ይህን የምጽፈው ከሥራ ቦታዬ ነው። ሆስፒታሉ ወደ ላይ ስምንት ፎቅ ነው፤ እኛ አንሶላ አጣቢዎቹ ግን ያለነው ከምድር በታች ነው። መስኮት የለንም። ከላይ በጋሪ የሚወርድልንን አጥበን፣ አድርቀን፣ በትልቁ ማሽን ተኩሰን፣ ሁለት ሁለት ሆነን እናጥፋለን። መጽሐፌን በፎጣ ጠቅልዬ ከማጠፊያው ጠረጴዛ ሥር ነው የማስቀምጠው። አለቃችን ዞር ስትል አንድ ገጽ፣ ደግሞ ዞር ስትል ግማሽ ገጽ። ነርስነት በዚህ ዓይነት ይጠና እንደሆነ እንጃ።

ጋሼ፣ ለዘንድሮ አዲስ መስመር አይጻፉልኝ። ሳንቃው ላይ ያለው የካቻምናው ይቁም፦ «የነርስነቱን ፈተና አልፋለሁ»። ሁለቴ ወድቄ ሦስተኛ ዓመት ይቁምልኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ሕጋችን ሕግ ነው። እናቴ ሞታ በስምንት ዓመቴ እርስዎ ዘንድ ስመጣ፣ ወርክሾፑ በር ኋላ ያንን የጥድ ሳንቃ በሚስማር መትተው፣ የአናጢ እርሳስ አስይዘውኝ፣ «ዘንድሮ ምን ታደርጊያለሽ? ጻፊው» ያሉኝ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው። የተፈጸመው በመላጊያ ይላጋል፣ ያልተፈጸመው ይቆማል። የራስን መስመር ራስ አይልግም፤ የኔን እርስዎ፣ የርስዎን እኔ። አሁን ባሕር ስለለየን ሁለቱንም እርስዎ ይልጋሉ፣ እኔ በደብዳቤ እፈቅዳለሁ። በስልክ የተባለ አይላግም ያሉትም አልጠፋኝም። የሚያውቁትን መልሼ የምነግርዎ ብቻዬን ስሆን የማስበው እሱን ስለሆነ ነው።

የርስዎን መስመር ግን ዘንድሮ እኔ ልዘዝ። «ዓይኔን እታከማለሁ» ብለው ይጻፉ። የዓይን ግፊት አለብህ፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል፣ ቶሎ ከታከምክ ያለው ብርሃን ይተርፋል፣ የሄደው ግን አይመለስም ብሎኛል ሐኪሙ ብለው በክረምት የጻፉልኝ ራስዎ ነዎት። መስታወት ቆራጩ ጎረቤትዎ አይጠላም፣ ይዞዎት ይሂድ።

ፈተናው ሚያዝያ 12 ነው። ጸልዩልኝ።

የርስዎ ሚጡ


ጥቅምት 21 ቀን

ለሚጡ፤ ትልቅ ሴት ሆኛለሁ ብለሽ በዚህ ስም መጠራት እንዳታፍሪ፤

በገባሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ። አለቃሽን ቀኑን ሙሉ ዞር እንዳለች ያቆይልሽ። እኔ አለሁ፤ ወገቤ እንደ ድሮው ይጮኻል፣ አፌም እንደ ድሮው አያርፍም።

ያልሽው ሆኗል። ያንቺ መስመር ባለበት ቆሟል፣ የኔን ከሥሩ ጻፍኩት። ስጽፈው እርሳሱ ሁለቴ ተሰበረ፤ ምልክት ነው ብለሽ እንዳትተረጉሚው፣ እርሳሱ ርካሽ ሆኖ ነው። ከሁለቱም በላይ፣ ሚስማሩ ሥር፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሆንሽ የጻፍሻት አለች። «ጥፍሬን አልበላም»። እስከዛሬ አልተላገችም፣ ምክንያቱም አላቆምሽም። ደንበኞች ገብተው ሲያነቧት የኔ መሐላ እየመሰላቸው ጣቴን ያያሉ።

አሁን ስሚኝ። ልጅ ሆነሽ መድኃኒት አልጠጣም ብለሽ ግግም ስትይ ምን አደርግ ነበር? «እስክትጠጪ እኔም ውሃ አልቀምስም» ብዬ እቀመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ አንጀትሽ አይችልም፣ ፊትሽን አጨማደሽ ትጨልጪዋለሽ። ለራስሽ ስትይ የማታደርጊውን ለኔ ስትይ ታደርጊያለሽ፣ ብትወድቂም ለኔ ስትይ ትነሻለሽ፤ ተፈጥሮሽ ነው። ስለዚህ ወስኛለሁ። አለፍኩ ያልሽበት ደብዳቤ በደረሰኝ ሳምንት እታከማለሁ። ከዚያ በፊት ሐኪም ቤት አልረግጥም። ዓይኔን ባንቺ አስይዣለሁ። ብትቆጪ ራስሽ ታውቂያለሽ፣ ከዚያ ሆነሽ ጆሮዬን አትቆነጥጪኝም።

ደግሞ ሥራ ይዣለሁ። አርባ የተማሪ አግዳሚ ወንበር ታዞልኛል፣ እስከ ጥር ማስረከብ አለብኝ። መስታወት ቆራጩም «እንሂድ» እያለ ነዝንዞ ሊገድለኝ ነው፤ አንቺ ነሽ የላክሽብኝ መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። በየዓመቱ «አልፋለሁ» ታስጽፊያለሽ። «እመጣለሁ» ብለሽ አስጽፈሽ ግን አታውቂም። ከሄድሽ ሰባት ዓመት ሆነሽ። ለምንድነው?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለምወድዎ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ከዕድሜው ጋር ደግሞ ልብ ይስጥልኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ተቆጥቻለሁ።

ይህ የልጅነት መድኃኒት አይደለም። ያኔ ግማሽ ሰዓት ነበር የሚጠሙት። ፈተናው ሚያዝያ ነው፣ ውጤቱ ከዚያም በኋላ ነው፣ ዓይንዎ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። በሞቴ ይዤዎታለሁ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ቀን ይሂዱ። ልለፍም ልውደቅም ይሂዱ። አንሶላ ሳጥፍ ከላይ ያሉትን በሽተኞች ሳስብ እኖራለሁ፤ ቢያንስ እነሱ መጥተዋል። እርስዎ ወርክሾፕ ውስጥ ቁጭ ብለው እኔን ይጠብቃሉ።

ለኔ ስትይ ትነሻለሽ ብለዋል። ጋሼ፣ ሲከብደኝ እወድቃለሁም እኮ። ደብዳቤዎ ከመጣ ጀምሮ መጽሐፉን ስከፍት የማየው የርስዎን ዓይን ነው። ስለ ልብ የተጻፈውን አንድ ምዕራፍ አራቴ አነበብኩት፣ ዘግቼ ራሴን ስጠይቅ አንድ መስመር አልመልስም። አንዷ ባልደረባዬ እጇን ማሽኑ አቃጥሏት ቀርታለች፣ የሷን ፈረቃም እኔ ነኝ የምሸፍነው። ቤት ስገባ ደግሞ ክፍሉን የምንጋራው ሦስት ሆነን ነው፤ አንዷ ስትተኛ መብራት ይጠፋል፣ እኔ መጽሐፌን ይዤ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ እቀመጣለሁ። እግሬ እስኪደነዝዝ እቀመጣለሁ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፣ ዓይንዎን በምን ላይ እንዳስያዙት እንዲያውቁት ነው።

ስለ መምጣት የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። የነርስ ፈቃድ ሳይኖረኝ ከዚህ ከወጣሁ ተመልሼ መግባት እንደማልችል ያውቃሉ።

ወዲያው ይጻፉልኝ። ሄድኩ የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል።

ሚጡ


የካቲት 27 ቀን

ለሚጡ፤

እንደምን ከረምሽ? ፈጣሪ በዚያ በምድር ቤትም ያይሻል። መልስ ያዘገየሁት ስለተቆጣሁሽ አይደለም። ፊደሌ አድጓል ብለሽም እንዳትሳቀቂ፤ ወረቀት ተርፎኝ ነው።

አግዳሚዎቹ አልቀው ሄዱ። ሠላሳ ስምንቱን ተቀበሉኝ፣ ሁለቱ ተመለሱ። እግራቸው አይገጥምም፣ ልጅ ሲቀመጥባቸው ይወዛወዛሉ አሉኝ። በአርባ ዓመት ሥራዬ የተመለሰብኝ ዕቃ የለም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ሁለቱን አውርጄ በመዳፌ ዳሰስኳቸው፣ እውነታቸውን ነው። ሜትሩ ላይ ስድስቱና ዘጠኙ እየተምታቱብኝ ነበር ለካ። አሁን መስታወት ቆራጩ ይለካል፣ እኔ እቆርጣለሁ። እሱም መስታወት የለመደ እጅ ስለሆነ እንጨቱን ይሰበራል ብሎ ይፈራዋል። ሁለታችንን ብታዪን ሳቅሽን አትችይም።

ቀኙ ጭጋግ ነው። ግራው ግን ደህና ነው። አንድ ዓይን ለአናጢ ይበቃል፤ እንጨት ቀጥ ማለቱን ስናይ ድሮም አንዱን ጨፍነን ነው።

አልሄድኩም። ቃሌ ቃል ነው ልልሽ ነበር፤ ግን አንቺን ዋሽቼ የት እገባለሁ። ፈርቻለሁ ሚጡ። ዓይኔን ነቅቼ እያየሁ በስለት ሊነኩኝ ነው። ሐኪሙ አያምም ብሏል፣ እኔም ከእግሩ ሚስማር ሊነቀልለት ለተቀመጠ ሰው ስንት ጊዜ አያምም ብያለሁ። የአንቺ ማለፍ ሲመጣ ደስታው ይገፋኛል፣ ሳላስበው እገባለሁ ብዬ ነው የጠበቅኩት። ሌላ የሚገፋኝ ምን አለኝ? እናትሽ ብትኖር ጎትታ ትወስደኝ ነበር።

እና አደራሽን እለፊ። ስለ መምጣቱም አልመለስሽልኝም።

አጎትሽ


ግንቦት 6 ቀን

ለጋሼ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። አልፌአለሁ። መስመሬን ይላጉት።

አሁን ተራው የርስዎ ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱ፣ ቃል ገብተውልኛል። ሥራ ስለበዛብኝ አሳጠርኩ።

ሚጡ


ግንቦት 30 ቀን

ለነርሷ ለሚጡ፤

ደስ ያለሽን ያህል ዕድሜ ይስጥሽ። እናትሽን ነፍሷን ይማርልኝ፣ ይህን ሰምታ ቢሆን ምን ትል እንደነበር ሳስብ ነው የዋልኩት። ደብዳቤሽን በመስታወት ቆራጩ ማጉያ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስት ጊዜ የተነበበው አጭር ስለሆነም ነው። ምነው እንዲህ ቆጠብሽብኝ? ስንት ነጥብ አመጣሽ? መጀመሪያ ለማን ነገርሽ? ማን አቀፈሽ? ያቺ አለቃሽ ምን አለች? እንዲህ ያለ ነገር በአራት መስመር ይጻፋል?

ይሁን፣ ደክሞሽ ነው። መስመርሽን በዚያው ቀን ላግሁት። ሳንቃውን ከበሩ ኋላ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አሰርኩት፣ መላጊያውን ሳልኩ፣ ከሚስማሩ ቀዳዳ ወደ ታች በስንዝር ለካሁ፣ አንዴ ረጋ ብዬ ሳብኩት። አንድ ረጅም ስስ ፍቅፋቂ ሳይበጠስ ወጣ። እጄ አልረሳም እኮ። ሳንቃውን መልሼ ከበሩ ኋላ ከመታሁት በኋላ መስታወት ቆራጩ ሱቁን ትቶ መጣና ከኔ ጋር ቆመ፣ እሱ መጀመሪያ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም ብል ታምኚኛለሽ?

እርሳሱ ፍቅፋቂው ላይ አለ። ጠቅልዬ በዚህ ፖስታ ልኬልሻለሁ። በቀስታ ፍቺው፣ ይሰበራል። ሦስት ዓመት የቆመብሽ መስመር ነውና ክፍልሽ ግድግዳ ላይ ስቀይው፣ መብራት የሚያጠፉብሽ ሴቶችም ይዩት።

ሰኞ ሐኪም ቤት ነኝ። ልብስ አሳጥቤአለሁ። አሁንስ ለሚመጣው ዓመት «እመጣለሁ» ብዬ ልጻፍልሽ?

አጎትሽ


ሰኔ 24 ቀን

ለጋሼ፤

እንደምን ነዎት? ይህን ስጽፍ እንደምን ነዎት የሚለው ቃል ወግ አይደለም። መልሱን ፈርቼ ነው የምጠይቀው።

ፖስታው የደረሰኝ ሥራ ላይ ነው። ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ አንሶላ ዘርግቼ ፍቅፋቂውን በሁለት ጣቴ ፈታሁት። አልተሰበረም። የርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ወፍራም፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። «ዓይኔን እታከ» ይላል፣ ከዚያ ጫፉ አልቋል።

ጋሼ፣ የላጉት የኔን መስመር አይደለም። የራስዎን ነው። የኔ እዚያው ሳንቃው ላይ አለ፣ እርስዎ ግን አላዩትም። አንድ ክንድ ከማይሞላ ርቀት፣ በራስዎ እጅ የጻፉትን፣ በርስዎ እርሳስ የተጻፈውን አላዩትም። ግራው ደህና ነው ብለውኝ ነበር።

አንሶላው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አለቃችን መጣች፣ ልትቆጣኝ ነበር፣ ፍቅፋቂውን አይታ ምን እንደሆነ ሳይገባት ተመልሳ ሄደች። አንሶላውን መልሼ አጠብኩት።

አሁን ሁሉንም እነግርዎታለሁ። አላለፍኩም። በአራት ነጥብ ወደቅኩ። ውጤቱ በሚያዝያ መጨረሻ መጣ፤ ስምንት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ብነግርዎ አይታከሙም። ባልነግርዎ ደግሞ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ዋሸሁ። ያን ደብዳቤ ያሳጠርኩት አንድ ቃል ብጨምር እጄ እንደሚያጋልጠኝ ስለማውቅ ነው። ማን አቀፈሽ ብለው ጠይቀውኛል። ማንም አላቀፈኝም። ውጤቱን ያየሁት ዕቃ ማውረጃው ሊፍት ውስጥ ከሦስት ጋሪ የቆሸሸ አንሶላ ጋር ሆኜ ነው።

አራተኛ ዕድል የለም። ከሦስት በላይ አይፈትኑም። ይህን ቀድሞም አውቀው ነበር፣ ለርስዎ ግን አልጻፍኩትም፤ የዓይንዎ ነገር ላይ ይህን መጨመር አቃተኝ። እንግዲህ ነርስ አልሆንም። እዚህ ምድር ቤት እያጠፍኩ እኖራለሁ፣ እስካስቀመጡኝ ድረስ።

ቅስሜ ተሰብሯል ጋሼ። ለኔ ስትይ ትነሻለሽ ያሉኝ ነገር ሌላውን ሁሉ ይበልጥብኛል። አልተነሳሁም።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ያን ሰኞ ሄደዋል? ሐኪሙ ምን አለዎት? ሌላውን ሁሉ ይርገሙኝ፣ እሱን ግን አይደብቁኝ።

ሚጡ


ጳጉሜን 2 ቀን

ለሚጡ፤

ይህን የምጽፈው እኔ መስታወት ቆራጩ ጎረቤታቸው ነኝ። ቃሉ የርሳቸው ነው፣ እኔ እጅ ብቻ ነኝ። «እጁም አይረባም ብለህ ጻፍ» ብለውኛል፣ ጽፌአለሁ።

ሚጡ፣ ልጄ። ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ፣ ዝቅ ያለ አንገትሽን ቀና ያድርግልሽ። ደብዳቤሽ ከመጣ ቆይቷል። ሦስት ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ያንቺን ቃል በሌላ ሰው አፍ መስማት ከበደኝ፤ ያነበብኩት ለመምሰል ከፍቼ እዘጋው ነበር። ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን «ገልብጠህ ነው የያዝከው» አለኝ። ከዚያ ሰጠሁት፣ አነበበልኝ።

ያን ሰኞ ሄጃለሁ። ሐኪሙ መብራት አብርቶ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ወንበሩን ወደኋላ ሳበ። ድምፁን ስሰማ ነው ያወቅኩት። በታኅሣሥ መጥተህ ቢሆን አለኝ። ሌላም ብዙ ተናገረ፣ እኔ ግን ከታኅሣሥ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ያንቺ የቁጣ ደብዳቤ የደረሰኝ በታኅሣሥ ነው። ዛሬውኑ ሂድ ያልሽኝ ያኔ ነው።

ቀኙ ሄዷል። ግራው ቀን መሆኑን ይነግረኛል፣ ሌላ አይነግረኝም። ቀዶ ሕክምና አሁን ጥቅም የለውም።

ስለ ውሸትሽ። እውነቱን ጽፈሽልኝ ቢሆን ዛሬም እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቅሽ ነበር። ዋሽተሽም ወሰድሽኝ፣ ብቻ ረፍዶ ነው። ያረፈደው ያንቺ ውሸት አይደለም። እኔ ነኝ፣ የሃምሳ ዘመን ገጋማ፣ አንዲት ሴት ልጅ ላይ ዓይኔን ጭኜ አልፋ ታውርድልኝ ያልኩ። አንቺ ምን ዕዳ ነበረብሽ? በሁለት ፈረቃ ላይ እኔን ተሸከምሽ። አራቱን ነጥብ የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ ብዬ ነው የማስበው፣ ይሄ ሰውዬ እንዲህ አትበል ይለኛል፣ እንዲጽፈው ግን አዝዤዋለሁ።

ሳንቃውንም አስነበብኩት። ያንቺ መስመር ቆሟል አለኝ። «ጥፍሬን አልበላም» የምትለዋም አለች። የኔ ቦታ ባዶ ነው። ሁለታችን ስንዋሽ ሳንቃው አልዋሸም፤ አንቺ አላለፍሽም፣ ይኸው ቆሟል። እኔ ግን ሳልታከም ተላግሁ።

ጠዋት ጠዋት ወርክሾፑን ከፍቼ እገባለሁ። ሥራ የለም፣ ልማድ ነው። ከበሩ ኋላ ገብቼ ሳንቃውን በጣቴ እሄድበታለሁ፣ መስመርሽን ፍለጋ። እርሳስ ለጣት ምንም አይተውም ሚጡ። የላግሁትም ያልላግሁትም እኩል ልስልስ ነው። የፈጸምነውና ያልፈጸምነው የትኛው እንደሆነ እጄ አያውቅም። አርባ ዓመት እንጨት የዳሰሰ እጅ ነው፣ አያውቅም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀረው። ለሚመጣው ምን ላስጽፍልሽ? እንደ ወጋችን ጠየቅኩሽ እንጂ፣ ከሌለሽም የለኝም በይ። እኔ ለራሴ የማስጽፈው አጥቻለሁ።

ጥፍርሽን አሁንም ትበያለሽ?

አጎትሽ


መስከረም 13 ቀን

ለጋሼ፤ የሚያነቡልዎና የሚጽፉልዎ ጎረቤትዎም እጃቸው ይባረክ፤

አዲሱ ዓመት፣ ብርሃን ይሁንልዎ ብዬ ልመርቅዎ ጀምሬ እርሳሱን አስቀመጥኩት። ደህና ይክረሙ። ከዚህ በላይ የምለው አጣሁ።

አዎ፣ እበላለሁ። አሁን ይህን ስጽፍም።

ሰው የማታ ትምህርት ሲመዘገብ፣ ሲጋራ ሲያቆም፣ ዘንድሮ ይሄን አደርጋለሁ ሲል ከማጠፊያው ጠረጴዛ ማዶ እሰማለሁ። ትናንት አጠገቤ የምታጥፈው ሴት አንቺስ አለችኝ። እኔ ምንም አልኳት። የማልፈው ፈተና የለም፣ የሚታከም ዓይን የለም። ያንን «አልፋለሁ» የሚለውን መስመር አይላጉት፣ እንዳለ ይቁም። ከዚህ በኋላ ማንም አይነካውም።

ፍቅፋቂዎ መጽሐፉ ውስጥ ነው። መጽሐፉን አልከፍተውም።

ለምን «እመጣለሁ» ብለሽ አታስጽፊም ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ ሦስቱንም ጊዜ ዘለልኩት። አሁን ልመልስልዎ። እንደማልመጣ እፈራ ነበር ጋሼ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እፈራ ነበር። ሌላው መስመር ቢቆምም ግድ የለም፣ ጥፍሬም ቆሟል፣ እየሳቅን ነው ያቆምነው። ያንን ግን በሩን በዘጉ ቁጥር፣ ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ፣ ሳይላግ ቆሞ እንዲያዩት አልፈለግሁም።

ለዘንድሮ መስመር ይኖርሽ እንደሆነ ጠይቀዋል። አለኝ። አሁን ስለማያዩት ያስጽፉልኝ።

«እመጣለሁ»።

ሚጡ